ሃምሳ አንድ በመቶ

አሜሪካ ውስጥ በግለሰብ እጅ በተሠራ አውሮፕላን ለመሳፈር የሚጠጋ ሰው ከመቀመጫው በፊት የሚያየው ጽሑፍ ነው። ቁመታቸው አምስት ሴንቲሜትር ያህል በሆነ ፊደላት «የሙከራ» የሚል ቃል መግቢያው አጠገብ ተጽፏል። ገብቶ ሲቀመጥ ሌላ ማስታወቂያ ይጠብቀዋል፤ አውሮፕላኑ በአማተር የተሠራ መሆኑን፣ ለመደበኛ አውሮፕላኖች የወጣውን የደኅንነት ደንብም እንደማያሟላ ይነግረዋል። ሠሪው ይህን የለጠፈው ትሑት ስለሆነ ሳይሆን ሕግ ስላስገደደው ነው። የእኛ ታክሲዎች ጥቅስ መለጠፍ ይወዳሉ፤ «ይህ መኪና ደንቡን አያሟላም» ብሎ የለጠፈ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ነገሩ ግራ ያጋባል። የአንዲት ቡሎን ወረቀት ጠፋ ብሎ የመንገደኛ አውሮፕላን ከበረራ የሚያግድ መንግሥት፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ወይም አንድ ጡረተኛ ጋራዡ ውስጥ ላሜራ ቀጥቅጦ በሠራው ነገር ሰማይ እንዲወጣ እንዴት ይፈቅዳል? መልሱ ደንቡ ውስጥ ባለች አጭር ሐረግ ላይ ተንጠልጥሏል። የአውሮፕላኑን አብዛኛውን ክፍል የሠራው ሰው ሥራውን የሠራው ለራሱ ትምህርት ወይም ለራሱ መዝናኛ ብሎ መሆን አለበት ትላለች። አብዛኛው ማለት ከግማሽ በላይ ነውና ሠሪዎቹ በራሳቸው አነጋገር «የ51 በመቶው ሕግ» ይሉታል። አንባቢዬ ትምህርት የምትለዋን ቃል ያዝ አድርጎ ይቆይልኝ፤ የምዕራፉ ጉዳይ እሷ ናት።

ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ጎማ፣ የበረራ መሣሪያዎች፣ እነዚህ ሁሉ ተገዝተው የሚገጠሙ ናቸው፤ ሞተሩን ካላቀለጥክ አውሮፕላን ሠሪ አይደለህም የሚል የለም። የሚቆጠረው የአካሉ ሥራ ነው፤ ክንፉን፣ ጭራውን፣ መሪዎቹን፣ የነዳጅ ታንኩን ማን ቆረጠ፣ ማን በሳ፣ ማን ገጣጠመ? ተገጣጣሚ አውሮፕላን የሚሸጥ ፋብሪካ ክንፉን አሳምሮ ጨርሶ መላክ ያቅተዋል ማለት አይደለም። ከልክ በላይ ከጨረሰው ግን ደንበኛው የሠሪነት ድርሻውን ያጣና አውሮፕላኑ በዚህ ደንብ ፈቃድ ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሆን ተብሎ ያላለቀ ነው።

ልማዱ ከሕጉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሚኒሶታ ውስጥ ቼሪ ግሮቭ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር በርናርድ ፒተንፖል የሚባል ራሱን ያስተማረ መካኒክ ከእንጨትና ከጨርቅ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሩ የፎርድ ሞዴል ኤ መኪና ሞተር ነበር፤ ጉልበቱም 40 ፈረስ ያህል። ንድፉ ታተመ፣ ተሸጠ፣ ተባዛ፤ ዛሬም ድረስ በዚያ ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ያኔ የተሟላ የዕቃ ሳጥን የሚልክልህ አልነበረም። የምትገዛው ወረቀት ነው፤ እንጨቱን ከእንጨት ቤት፣ ሞተሩን ከተገለበጠ መኪና ራስህ ታመጣለህ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ የሆነው ግን ረጋ ተብሎ መታየት አለበት። አንሪ ሚኜ አውሮፕላን የሚወድ፣ ግን የተለመደውን የአበራረር ስልት ከእጁና ከእግሩ ጋር ማስማማት ያልሆነለት ሰው ነበር። አብራሪ በእጁ ዘንግ ይዞ ክንፎቹን ያዘነብላል፣ በእግሩ ፔዳል ጭራውን ያዞራል፣ ሁለቱን ማቀናጀት አለበት። ሚኜ ፔዳሉንም፣ በክንፍ ጫፍ ያሉትን ማዘንበያዎችም አስወገደ። በምትኩ ሁለት ክንፍ ፊትና ኋላ፣ አንዱን ከአንዱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ደረደረ፤ የፊተኛው ክንፍ ራሱ በዘንጉ ይዘቀዘቃል ወይም ይቃናል። እ.ኤ.አ. በ1933 በረረችለት፤ በ1934 አሠራሯን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ያወጣላት ስም በፈረንሳይኛ «የሰማይ ቅማል» ማለት ነው። የአናጢነት ሥራ የሞከረ ሁሉ ሊሠራት ይችላል ተባለ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ ውስጥ በየሳሎኑና በየጎተራው የሰማይ ቅማል ይሠራ ጀመር።

በ1935 እና በ1936 ሰዎች ይሞቱ ጀመር። አደጋዎቹ ይመሳሰላሉ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል፣ አብራሪው ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል፣ አውሮፕላኑ ከመቃናት ይልቅ ይበልጥ ይደፋል፣ መሬት ይመታል። መጀመሪያ የተጠረጠሩት ሠሪዎቹ ነበሩ፤ ሙጫው አልያዘ ይሆናል፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ ይሆናል ተባለ። ፈረንሳይም እንግሊዝም አውሮፕላኑን እንዳለ በትልቅ የነፋስ ዋሻ ውስጥ አቁመው ሲፈትኑት ምክንያቱ ተገኘ። በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። አፍንጫዋ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ሲደፋ፣ የፊተኛውን ክንፍ ለማቃናት የምታደርገው ሙከራ በክፍተቱ የሚያልፈውን አየር ያፈጥነውና የኋለኛውን ክንፍ ይበልጥ ያነሳዋል። ጭራው ተነሣ ማለት አፍንጫው ተደፋ ማለት ነው። አብራሪው ያመነበት ማዳኛ ራሱ ይገድለው ነበር።

እነዚያ ሠሪዎች እንጨታቸውን በደንብ ልገውታል፣ ምስማራቸውንም አሳምረው መትተዋል። የሠሩት ነገር ለምን እንደሚበርር ግን አያውቁም ነበር፤ በእውነቱ ሚኜ ራሱም ሙሉ በሙሉ አላወቀውም። ለእኔ ከአውሮፕላን አማተሮች ታሪክ ሁሉ የምታስደነግጠኝ ይህች ናት። ሚኜ በኋላ ንድፉን አስተካክሏል፤ ልጆቿ የሆኑ አውሮፕላኖች ዛሬም ያለ ችግር ይበርራሉ። የ1934ቷን ቅማል ግን ሙዚየም ውስጥ ቆማ ብታያት ይሻላል።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ማኅበር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1953 ፖል ፖበረዝኒ የሚባል የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሚልዋኪ አጠገብ ጥቂት ጓደኞቹን ሰብስቦ የሙከራ አውሮፕላን ማኅበርን መሠረተ፤ የማኅበሩ የመጀመሪያ ጽሕፈት ቤት የቤቱ ምድር ቤት ነበር። ከ1970 ጀምሮ የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ዊስኮንሲን ውስጥ ኦሽኮሽ ላይ ይከበራል፤ በዚያ ሳምንት ወደ ከተማዋና ወደ አካባቢዋ የሚገቡት አውሮፕላኖች ከ10,000 ይበልጣሉ። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የሚባለው መሐንዲስ ደግሞ በ1971 አር ቪ-3 የተባለችውን አበረረ፤ ፊደላቱ የራሱ ስም መነሻዎች ናቸው። የእሱ ኩባንያ ከሸጣቸው የዕቃ ሳጥኖች ተሠርተው የበረሩት አውሮፕላኖች ዛሬ ከ11,000 በላይ ሆነዋል።

ወደ አገራችን ስመጣ ሁለት ስሞች ይመጡብኛል። የመጀመሪያዋ «ፀሐይ» ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ላይ በ1928 ዓ.ም. የገጣጠማት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን ነች። ጣልያን ማርኮ ወሰዳት፤ ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በጥብቅ ሲታይ ፀሐይ የመንግሥት ሥራ እንጂ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለችም። ይሁን እንጂ የአውሮፕላን ፋብሪካ በሌለበት አገር፣ በጥቂት እጆች መሠራቷ ከጋራዥ አውሮፕላን ጋር ያዛምዳታል።

ሁለተኛው አስመላሽ ዘፈሩ ነው። አውሮፕላን መሥራትን ከመጻሕፍትና በኢንተርኔት ከሚታዩ ቪዲዮዎች ተምሮ፣ ከአሮጌ ቮልስዋገን በወጣ 40 ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ራሱ የሠራትን አውሮፕላን «ኬ-570ኤ» አላት። ኬ የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ናት፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት። ስም አወጣጡ በራሱ የሠሪዎችን ጠባይ ያሳያል፤ እነዚህ ሰዎች ቀን ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሊያበርራት ሲሞክር መጀመሪያ አልሆነለትም፤ ዜናው ግን ዓለምን ዞረ። ፒተንፖል በ40 ፈረስ ጉልበት በርሯል፤ የአስመላሽ ሞተርም 40 ነው። ታዲያ በወረቀት እኩል የሆኑ ሞተሮች በሜዳው ላይ እኩል ናቸው?

እዚህ ላይ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው በዙሪያው ያለውን አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ምት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የነበረው ጉልበት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 30 ይወርዳል። ሙቀት ሲጨመር ይብሳል። 20 ዲግሪ በሆነ መልካም የጥር ቀትር አየሩ ለአውሮፕላኑ ከ3,000 ሜትር በላይ እንዳለ አየር ይሆንበታል። ሞተሩ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ፕሮፔለሩም በሳሳ አየር ይዞ የሚገፋው ነገር ያጣል፣ ክንፉም የዚያኑ ያህል ክብደት ለማንሳት መፍጠን አለበት። በባሕር ወለል 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ መሬት የሚለቅ አውሮፕላን እዚህ ከ80 በላይ ይፈልጋል፤ ያንን ፍጥነት ለመድረስ ያለው ጉልበት ደግሞ ሩብ ጎድሎበታል። ሚኒሶታ ላይ በርሮ የታየ ንድፍ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲንደረደር ውሎ አልነሣ ቢል ሠሪውን ከመውቀስ በፊት ከፍታውን ማስላት ደግ ነው። አውሮፕላን የሠራ ሰው ይህን ስሌት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳው ጫፍ አጥር ሊማረው ይችላል፤ ውድ ትምህርት ነው።

*

ሳጥኑ ሲመጣ በጭነት መኪና ነው። ተከፍቶ ዕቃው ከዝርዝሩ ጋር እስኪመሳከር ቀኑ ይመሻል። መጀመሪያ የሚሠራው ጭራው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በክንፉና በአካሉ የሚያስፈልገው ሙያ ሁሉ በትንሹ እሱ ውስጥ አለ። ሰውየው ለዚህ ሥራ መፈጠር አለመፈጠሩ፣ ቤተሰቡም የኮምፕሬሰር ድምፅ መቻል አለመቻሉ የሚታወቀው እዚያው ላይ ነው። ብዙ ጭራዎች ከጭራነት ሳያልፉ ተሸጠዋል።

ላሜራ ለበስ በሆነ አውሮፕላን ውስጥ ዋናው ሥራ ሪቬት ነው፤ ባለ ሁለት መቀመጫ አንዲቷ አውሮፕላን ከ10,000 በላይ ሪቬት ትወስዳለች። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ላሜራዎች ተደራርበው ቀዳዳቸው በትራፓኖ ይበሳል። ትራፓኖው ከወጣ በኋላ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ በጣት ሲዳሰስ የሚቧጥጥ ስል ፍርፋሪ ይቀራል፤ ከሁለቱም ወገን ተጠርጎ መወገድ አለበት። ለምን እንደሆነ አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ በደንብ ያውቀዋል። ጨርቁን በጉልበቱ ለመቅደድ አይታገልም፤ ጠርዙን በመቀስ ነካ ያደርግና የቀረውን በእጁ ይተረትረዋል። ጉልበት ሁሉ ወደዚያች ትንሽ ቁስል ይሰበሰባልና። የክንፍ ላሜራም በየበረራው ይወጠራል፣ ይላላል፣ እንደገና ይወጠራል፤ ያልተጠረገ ቀዳዳ ለብረት የመቀስ ነካ ነው። ስንጥቁ የሚወለደው ከዚያ ነው፤ ዛሬ ሳይሆን ከብዙ መቶ ሰዓት በኋላ።

ከዚያ ላሜራዎቹ ክሌኮ በሚባል ባለ ስፕሪንግ መያዣ ለጊዜው ይጠፈራሉ፤ ክንፉ በዚህ ደረጃ ላይ ጃርት ይመስላል። ሪቬቱ ይገባል። አንድ ሰው በአየር የሚሠራውን መዶሻ በሪቬቱ ራስ ላይ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ በኩል ጭራው ላይ ለስላሳ ከባድ ብረት ይደግፋል። ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ እንደ መትረየስ ይንጣጣል፤ ጭራው በብረቱ ላይ ተጨፍልቆ ሁለተኛ ራስ ይሆናል። መለኪያው የታወቀ ነው፤ የተጨፈለቀው ራስ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቁመቱ ግማሹን ያህል መሆን አለበት። ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 4.8፣ ቁመቱ 1.6 ማለት ነው። ብረቱን የሚደግፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ሚስት ናት ወይም ልጅ፤ እጃቸው ቀጭን ስለሆነ የክንፉ ጠባብ ውስጥ ይገባል። ባልና ሚስት በላሜራ ግድግዳ ተለያይተው «ምታ!» «ቆይ!» ሲባባሉ የሚያልፉ ምሽቶች ብዙ ናቸው።

ሪቬቱ ተጣሞ ሲጨፈለቅስ? ጀማሪ ደንግጦ ሊያወጣው ትራፓኖ ያነሣል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ግን ቆይ ይሉታል። ትንሽ የተዛባ ሪቬት እዚያው ቢቀመጥ ጎረቤቶቹ ይሸከሙለታል፤ ሊያወጣው ሲታገል ቀዳዳውን ካሰፋው ግን ያበላሸው ላሜራውን ነው። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይውጣ? ከፋብሪካ ውጭ ይህን የሚወስንለት ተቆጣጣሪ አጠገቡ የለም። የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚመጣው በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩንና ፎቶዎቹን ያገላብጣል፣ መሪዎቹን ያንቀሳቅሳል፣ በየመስኮቱ በባትሪ ይመለከታል። የታተመ ክንፍ ውስጥ ያለውን ሪቬት ማየት አይችልም። ያየው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደክሞት ነበር።

ይህ ሠሪ ግን ፋብሪካው ያላየውን የሚያይበት ጊዜም አለ። የቫንግሩንስቨን ኩባንያ አንዳንድ ላሜራዎችን ቀዳዳቸውን በሌዘር አስቆርጦ ላከ። ሠሪዎቹ በየጋራዣቸው የሪቬቱ ጠፍጣፋ ራስ እንዲሰምጥ ቀዳዳውን ሲያጎደጉዱት ጠርዙ ሲሰነጠቅ ያስተውሉ ጀመር። ነገሩ ተስፋፋ፤ ኩባንያው ዕቃ እንደገና መሥራት ግድ ሆነበት፣ ሌሎች ዕዳዎችም ተደራርበውበት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በተከታዩ ዓመት ከዚያ ወጥቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ዋጋው ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ሞተሩና መሣሪያዎቹ ሲጨመሩ ዛሬ አንዲቱ አውሮፕላን ከ100,000 ዶላር በላይ ታስወጣለች። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ስለ ጊዜው ግን ልበል። 1,800 ሰዓት ሥራ፣ በሳምንት አሥር ሰዓት ከተሠራ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ሠሪዎቹ የሚቀልዱባት አንዲት ስሌት አለች፤ «ዘጠና በመቶው አልቋል፣ አሁን የቀረው ዘጠና በመቶው ብቻ ነው።» ላሜራው አልቆ አውሮፕላኑ አውሮፕላን ከመሰለ በኋላ የሽቦው፣ የነዳጅ ቱቦው፣ የመስተዋቱ፣ የቀለሙ ሥራ ይመጣል፤ ጎረቤትም በየቀኑ «መቼ ነው የሚበርረው?» ይላል። እንግዲህ ሰውየው እስከዚህ ድረስ ከቆየ የማያውቀው ቱቦ አይኖርም። ነዳጁ ከግራ ክንፍ ተነሥቶ በየት ዞሮ ሞተሩ እንደሚደርስ ጨለማ ውስጥ በጣቱ ሊያሳይህ ይችላል። ሕጉ ትምህርት ያለው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው በረራ ከታሰበው በላይ አደገኛ የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው። ለዓመታት ሪቬት ሲመታ የኖረ ሰው በእነዚያ ዓመታት ለመብረር ጊዜም ገንዘብም አይተርፈውም። እጁ ላሜራን ለምዶ ዘንግን ረስቷል። ደንቡ ይህን ስለሚያውቅ አዲሷ አውሮፕላን ለመጀመሪያዎቹ 40 ሰዓታት፣ ሞተርና ፕሮፔለሯ የተመሰከረላቸው ጥንዶች ከሆኑ ለ25 ሰዓታት፣ በተወሰነ አካባቢ ብቻ፣ መንገደኛ ሳትይዝ እንድትበርር ያዛል። በእነዚያ ሰዓታት ሠሪው በስንት ፍጥነት ክንፉ ማንሳት እንደሚያቆም፣ ሞተሩ በረጅም አወጣጥ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ጭነት ወደ ኋላ ሲበዛ ጠባይዋ እንዴት እንደሚለወጥ እየለካ ይጽፋል። ለዚያች አንዲት አውሮፕላን ብቻ የሚሠራ የአበራረር መጽሐፍ ይወጣዋል። እንደ እሷ ያለች ሁለተኛ ስለሌለች መጽሐፉም ሁለተኛ የለውም።

*

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2011 የደረሱትን የአማተር ሥራ አውሮፕላኖች አደጋዎች አንድ በአንድ መርምሮ በተከታዩ ዓመት ጥናት አወጣ። እነዚህ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ የግል አውሮፕላኖች 10 በመቶ አይሞሉም፤ በዚያ ዓመት ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ግን 21 በመቶው የእነሱ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው ሊባል ይችላል። ያልተጠበቀው ሌላ ነው፤ አደጋ ከደረሰባቸው አውሮፕላኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሠሪያቸው እጅ አልነበሩም። የተገዙ ነበሩ።

ሕጉ ለሠሪው አንድ ስጦታ ይሰጠዋል፤ የሠራትን አውሮፕላን በየዓመቱ ራሱ መርምሮ ለመብረር ብቁ ናት ብሎ እንዲፈርም የሚያስችል የጥገና ባለሙያነት ምስክር ወረቀት። ለሌላ አውሮፕላን አይሠራም፤ ለዚያች ብቻ ነው። አውሮፕላኗን ሲሸጣት ወረቀቱ አብሮ አይሸጥም። ገዢው ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ደብተሩንም ይረከባል፤ በሠሪው ጣቶች ውስጥ ያለው ግን ሠሪው ጋር ይቀራል። ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ከገዢዎች ይልቅ አስተዋይ ይመስለኛል።

ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረረ አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ሎንግ-ኢዚ የምትባል፣ በቡርት ሩታን ንድፍ ቴክሳስ ውስጥ ሌላ ሰው የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ገዛ። ሩታን የነዳጅ መምረጫ ቫልቩን በአብራሪው እግሮች መካከል ነበር ያደረገው። ሠሪው ግን የነዳጅ ቱቦ አብራሪው ባለበት ክፍል ውስጥ እንዲያልፍ ስላልፈለገ ቫልቩን ወደ ኋላ ወሰደው፤ መያዣው ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ተተከለ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ቤንዚን ከእግር መራቁ መልካም ነው። ለሠሪው ያ መያዣ የት እንዳለ፣ ወዴት ሲዞር የትኛው ታንክ እንደሚከፈት መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ራሱ ነው የሰቀለው። ምልክት እንኳ አልተጻፈበትም።

ዴንቨር አውሮፕላኗን በተረከበ ማግስት፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ ካሊፎርኒያ ሞንተሬ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ የጥገና ባለሙያ አብሮት ነበር። መያዣው እንደማይደረስበት ሁለቱም አዩ። ፒንሳ ገጥመው ሊያስረዝሙት ሞከሩ፤ አልሆነም። ዴንቨር ካስፈለገ በአየር ላይ አውቶፓይለቱ አውሮፕላኗን ቀጥ አድርጎ ይይዝልኛል፣ እኔ ዞሬ ቫልቩን አዞራለሁ አለ። የነዳጁ መጠን ማሳያዎችም ከኋላ ስለነበሩ ባለሙያው በትከሻው ላይ አሻግሮ እንዲያይበት ትንሽ መስታወት ሰጠው። ነዳጅ ይጨመርልህ ሲባል የምበርረው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው ብሎ አልፈለገም።

በእኛ አቆጣጠር አመሻሹ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ አውሮፕላኗ ፓሲፊክ ግሮቭ አጠገብ ባሕሩ ውስጥ ወደቀች። መርማሪዎቹ በተመሳሳይ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ሞከሩት፤ ግራ ትከሻን አልፎ መያዣውን ለመጨበጥ ሰውነት ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ቀኝ እግር ሳይታወቅ ይዘረጋና ፔዳሉን ይገፋል። ቫልቩ ከፍርስራሹ ውስጥ ሲወጣ ግራ ታንክ ላይም ቀኝ ታንክ ላይም አልነበረም፤ በመካከል ቆሟል።